ድንጋይ ያሸከመው መልስ

አንድ የፓርክ ጠባቂ ነበር። ስሙ መኳንንት ይባላል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበትን ሰፊ ደጋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል። ጉም ቢወርድ፣ አመዳይ ቢጥል ከሥራው ቀርቶ አያውቅም። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ከወዲሁ መናገር ያስፈልጋል፤ ታሪኩን ሰምተው "ጨካኝ ነበራ!" ብለው የሚገላገሉ ሰዎች አሉና። ጨካኝ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እኔንም አንተንም ባልነካን።

የዚህ ሰው ሥራ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። በፓርኩ ዙሪያ የገበሬ መንደሮች አሉ። ገበሬው ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ሣር ይፈልጋል፤ ረጅሙ ሣር ያለው ደግሞ ከፓርኩ ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ማጭዱን በጋቢው ሸፍኖ ሾልኮ ይገባል። ልጆቹን ከፍ ያለ ቋጥኝ ላይ ያስቀምጥና "ጠባቂው ብቅ ሲል አፏጩ" ይላቸዋል። ልጆቹም ከጠዋት እስከ ቀትር ቋጥኙ ላይ ተለጥፈው ይውላሉ።

መኳንንት ሰው ሲይዝ አይማታም፤ አይሳደብም። ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል። "ምን ስትሠራ ነበር? የት ቦታ? ከማን ጋር?" ከዚያ ከደረት ኪሱ አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ያወጣና ስም ከነአባት ይጽፋል። ማጭዱን ይወስዳል። ስሙ የተጻፈ ሰው ቀበሌ ተጠርቶ ይቀጣል፤ ሁለተኛ የተጻፈ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። በመንደሩ "መኳንንት ኪሱን ነካ" ማለት "በረዶ ወረደ" እንደ ማለት ነበር።

አንድ ዓመት ወይዘሮ እልፍነሽ የተባሉ ባለሀብት ከከተማ መጡ። ልጆች የአገራቸውን አራዊት አውቀው እንዲያድጉ የሚሹ ቅን ሴት ናቸው። ለፓርኩ አለቃ እንዲህ አሉት፦ "የአካባቢው ልጆች በየቅዳሜው እዚህ እየመጡ ይማሩ። መጽሐፉን፣ አጉልቶ የሚያሳየውን መነጽር፣ የምሳቸውን ዳቦ እኔ እችላለሁ። አንድ በጋ እንሞክረው። ፍሬ ካየሁበት እቀጥላለሁ፤ ካላየሁበት ግን ወደ ከተማ ትምህርት ቤት እወስደዋለሁ።"

አስተማሪ ተፈለገ፤ አልተገኘም። አለቃው ወደ መኳንንት ዞረና "ከአንተ በላይ ፓርኩን የሚያውቅ ማን አለ? አንተው አስተምር፤ በመጨረሻም ፍሬ አለው የለውም የሚለውን ሪፖርት አንተው ጻፍ" አለው።

መኳንንት ደስታውን አልቻለም። ለሊቀመንበርነት የተመረጠ ያህል ተሰማው። የደንብ ልብሱን አሳጠበ፣ ጫማውን ወለወለ፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከፓርኩ በር አጠገብ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ሃያ ሦስት ልጆች ፊት ቆመ። የጭላዳ ሥዕል ከፍ አድርጎ አሳየ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ዝም።

"አታፍሩ እንጂ! ይሄ ምንድን ነው?"

"አላየንም" አለ ከፊት የተቀመጠው።

"ጭላዳን አላያችሁም? ትናንት ገብሳችሁ ላይ ሰፍሮ አልነበረም እንዴ?"

"እኛ እዚያ አልነበርንም።"

"አንተስ?"

"እኔ አሞኝ ተኝቼ ነበር።"

"አንቺስ?"

"እኔ የአክስቴ ልጅ ነኝ" አለች አንዷ፣ እንባ እየተናነቃት። የማን አክስት፣ ለምን እንደዚያ እንዳለች ለማንም አልገባም።

እንዲህ ሆኖ ሳምንት ሳምንትን ወለደ። "ሚዳቋ ውሃ የምትጠጣው ከየት ነው?" ቢላቸው "አናውቅም"፤ "ጥንብ አንሳ ጎጆውን የት ይሠራል?" ቢላቸው "አልሄድንም" ይላሉ። ዳቧቸውን በልተው፣ እጅ ነሥተው፣ ተሰልፈው ይሄዳሉ። መኳንንት ግራ ተጋባ። ማታ ማታ መጽሐፉን እያነበበ ይዘጋጃል፤ ጠዋት ደግሞ ግድግዳ ያስተምራል። ለባልደረባው "እነዚህ ልጆች አንበሳ ቢነክሳቸው 'ምን ነከሰን?' ብለው የሚጠይቁ ናቸው" አለና ሳቁ። በጋው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሪፖርቱን ጻፈ። "የአካባቢው ልጆች ስለ ዱር አራዊት ዕውቀትም ዝንባሌም የሌላቸው መሆኑ ተረጋግጧል" የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባበት። "ተረጋግጧል" የሚለው ቃል ደስ አሰኘው።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለ ቀይ ቀበሮ አስተማረ። ከመጽሐፉ ያነበበውን እንደመሰለው አድርጎ "እናቲቱ ግልገሎቿን ብቻዋን ታሳድጋለች" አለ።

"አይደለም!"

ክፍሉ ሁሉ ዞረ። የተናገረችው ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጥ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ደጊቱ ትባላለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ግን ቃሉ አንዴ ወጥቷል።

"እንዴት አይደለም?" አለ መኳንንት።

ደጊቱ ዝም ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። የሚያውቁት ነገር ሲበላሽ ዝም ማለት ያሳክካል። "ብቻዋን አይደለችም" አለች። "አክስቶቹም አሉ። አደን ውለው ይመጡና ግልገሎቹ አፋቸውን ሲልሷቸው ከሆዳቸው መልሰው ያወጡላቸዋል። እናቲቱ ስትሄድ አንዷ ትቀራለች። ትጠብቃለች። ደግሞ ሰው ከሸተታቸው ግልገሎቹን አንድ በአንድ በአፍ አንጠልጥለው ጉድጓድ ይቀይራሉ። ባለፈው ሦስቴ ቀይረዋል። አንዱ ግልገል እግሩን ያነክሳል፤ እሱን መጨረሻ ነው የሚወስዱት።" ስትናገር አንገቷን እንደ ቀበሮ ታዘነብላለች፤ ግልገል እንደ ያዘች ሁሉ ጥርሷን ትነክሳለች።

መኳንንት አፉን ከፍቶ ቀረ። ይህን ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች ሦስት ዓመት ድንኳን ተክለው ነው ያወቁት። እሱ ራሱ የሰማው ከእነሱ ነበር፤ ረስቶት ኖሯል። ይህች ልጅ ግን ማንም ሳይነግራት በዓይኗ አይታዋለች! ሰውየው በደስታ ሰከረ። ወይዘሮ እልፍነሽ ሲመጡ "ይችን ልጅ ይዩልኝ" ብሎ ሊያቀርባት፣ ሽልማት ሊያሰጣት ወዲያው አሰበ። እየሳቀ ወደ እሷ ተራመደ።

"የት አየሽው?" አላት።

ደጊቱ የደረት ኪሱን አየች።

"የት ቦታ ነው? ከማን ጋር ነበርሽ?"

ዝም።

ስሟን እንዳይረሳው የደረት ኪሱን ዳሰሰና ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። "ስምሽ ደጊቱ ነው አይደል? የአባትሽ ስም ማን ነው?"

"ላቀው" አለች፤ ድምፅዋ ከአንገቷ አላለፈም።

ጻፈው። ሁለት ጊዜ ከሥሩ አሰመረበት። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ ራቅ አለ። መኳንንት ይህን አይቷል፤ ግን ቦታ ሊለቅላት መስሎት ነበር።

በማግስቱ እሁድ ረፋድ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በመኳንንት ደጃፍ ላይ የሰው ኮቴ ተሰማ። ቢወጣ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ የደብሩ ቄስ፣ አባ ውቤ ናቸው። ከፊታቸው አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሏል። ማጅራቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል።

ድንጋይ መሸከም ምን እንደሆነ አገሬው ያውቀዋል። ሰው የገደለ፣ ቤት ያቃጠለ፣ ወሰን የገፋ፣ ደም ያለበት ሰው ነው ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣው። የተበደለው ሰው "ይቅር ለእግዜር" ብሎ እስኪያወርድለት ቀና አይልም።

መኳንንት ደነገጠ። "አባ፣ ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ፣ ልጄ። ላቀው ነው። ይቅር በለው።"

"ምን አድርጎኝ?"

"እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ" አለ ላቀው ከጎነበሰበት። ላቡ ከግንባሩ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። "ልጄ ናት። ልጅ ናት እኮ፣ ጋሼ፤ አፏ አምልጧት ነው። ስለ መድኃኔዓለም ብለው ከደብተሩ ይፋቁልኝ።"

"ምን አጠፋች?"

ላቀው ትንፋሹን ሰበሰበ። "መልስ መለሰች።"

መኳንንት ሊስቅ ፈለገ። የላቀውን ላብ አየና ተወው። ሮጦ ድንጋዩን ከሰውየው ማጅራት አነሣ፤ ከበደው። "ይቅር ለእግዜር! ምን ነካችሁ? እኔ እኮ ስሟን የጻፍኩት ላሸልማት ብዬ ነው! ጎበዝ ስለሆነች ነው!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አያምኑትም፤ ግን "ውሸትህን ነው" ማለትም ነውር ነው። አባ ውቤ በለሰለሰ ድምፅ "እሱስ ይሁን። ደብተሩን እንድናየው ትፈቅዳለህ?" አሉ።

"ይኸው፣ አባ! እርስዎ ያንብቡት።"

አባ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ገለጡ። ጮክ ብለው አነበቡ። "ሙሉ ዘገየ፣ ፍየል አራት። የሺ አንለይ፣ ሣር አንድ ሸክም። ላቀው በሪሁን፣ ማጭድ አንድ።" ላቀው አንገቱን ደፋ። አባ ቀጠሉ። "ደጊቱ ላቀው።" ቆም አሉ። ገጹን አገላበጡ። "ሌላ ነገር የለውም?"

የለውም። መኳንንት ከትከሻቸው በላይ አጎንብሶ አየው። የሽልማት ገጽ የሚባል ነገር በደብተሩ ውስጥ አልነበረም። "ጎበዝ" የሚል ቃል አልጻፈም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚያች ደብተር ላይ ማንም ሰው በደግ ተጽፎ አያውቅም። የልጅቱ ስም ከሌሎቹ በምንም አይለይም፤ የሚለየው ቢኖር ሁለት ጊዜ የተሰመረበት መሆኑ ነው። እንዲያ አድርጎ የሚያሰምረው ደግሞ ፍርድ ቤት በሚቀርብ ሰው ስም ላይ ነው።

ፊቱ ጋመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"ሌሎቹ ልጆች" አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ "በጋውን ሙሉ አላየንም፣ አናውቅም ያሉት..."

"እኛ ነን የመከርናቸው" አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ ሳያፍሩ። "ምን እናድርግ? ልጆቻችንን ሰብስበህ ምን አያችሁ፣ የት ነበራችሁ ትላቸዋለህ። እኛማ አባቶቻቸውን በልጆቹ አፍ ልታስይዝ መስሎን ነበር። ዳቦ ደግሞ ታበላቸዋለህ። ዳቦው ነው ይበልጥ ያስፈራን።"

ይህን ሲሰማ መኳንንት እዚያው የአጥሩ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ሦስቱን ጥያቄዎቹን በልቡ ደገማቸው። ምን? የት? ከማን ጋር? በክፍል ውስጥ የጠየቀው ሁሉ እነዚያው ነበሩ፤ ሌላ መጠየቂያ አያውቅም ነበር። ልጅቱ ያንን ሁሉ እንዴት እንዳወቀችውም ያን ጊዜ ገባው። አባቷ ሣር ሲያጭድ እሷ ቋጥኝ ላይ ሆና እሱን፣ ጠባቂውን፣ ነበር የምትጠብቀው። እሱ በማይመጣበት ረጅም ሰዓት ቀበሮዎቹን አየች። የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው እሱን ፈርታ በተቀመጠችበት ቦታ ነው። እንዴት ብላ "የት አየሽው?" ለሚለው ትመልስ? መልሱ አባቷን መያዣ ነዋ!

"ደጊቱ የት ናት?" አለ።

"ወንዝ ማዶ እህቴ ዘንድ ሰድጃታለሁ" አለ ላቀው። "ነገሩ እስኪበርድ።"

ማክሰኞ ወይዘሮ እልፍነሽ መጡ። ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። እዚህ ላይ የሰውየውን ጭንቅ ማየት ያስፈልጋል። ሪፖርቱን እንዳለ ቢሰጣቸው ማንም አይጠይቀውም። ልጆቹ ደንቆሮ ይባላሉ፣ ትምህርቱ ወደ ከተማ ይሄዳል፣ የእሱ ክብር እንዳለ ይቀራል። እውነቱን ቢናገር ግን አለቃው አጠገባቸው ተቀምጦ ይሰማል።

"እህስ፣ አቶ መኳንንት" አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። "ፍሬ አለው?"

"ሪፖርቱ ውሸት ነው፣ እትዬ" አለ።

አለቃው ቀና አለ።

"ልጆቹ አያውቁም ብዬ ጽፌያለሁ። ያውቃሉ። ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የሚፈሩት እኔን ነው።" ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ ደብተሩን፣ ድንጋዩን፣ "መልስ መለሰች" የተባለውን። ሲናገር ቀና ብሎ አላያቸውም፤ የወለወለውን ጫማ ጫፍ ነበር የሚያየው።

ወይዘሮ እልፍነሽ ሪፖርቱን አጥፈው ወደ ጎን አኖሩት። በኋላ "እኔም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለሁም" አሉ ቀስ ብለው። "ሦስት ካርቶን መጽሐፍ ጭኜ መጣሁ። አንዲት እናት ደጅ ሄጄ 'ልጅሽን ብትሰጭኝ ምን ትፈሪያለሽ?' አላልኩም። በሉ እሺ፤ አሁን ምን ልርዳ?"

"ሌላ አስተማሪ ይቅጠሩ።"

"እርስዎስ? ሥራውን ይወዱት የለም እንዴ?"

"እወደዋለሁ" አለ። "ግን የሚይዝና የሚያስተምር እጅ አንድ ከሆነ ልጅ የትኛው እንደተዘረጋለት በምን ያውቃል? ደግሞ አለቃ፣ እርስዎም ቃል ይግቡ። ልጅ ክፍል ውስጥ የተናገረው ከክፍል አይወጣም። አባቱ አይጠየቅበትም።"

አለቃው አኮረፈ፣ አጉረመረመ፤ "ሕጉ ምን ይላል?" አለ። በመጨረሻ ወይዘሮዋ ፊት እምቢ ማለት ከበደውና ሽማግሌዎቹን አስጠርቶ ቃሉን በፊታቸው ሰጠ። ትምህርቱም እዚያው መንደር ቀረ። መኳንንት ግን ወደ ጥበቃው ተመለሰ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቆርቆሮ ቤቷ በኩል አያልፍም፤ ዞሮ ነው የሚሄደው።

አንድ ሥራ ብቻ ቀረው። የደንብ ልብሱን አወለቀ፤ ጋቢ ለብሶ ወንዙን ተሻገረ። የደጊቱን አክስት ቤት ጠይቆ ደረሰ። ልጅቱ ከአክስቷ ጋር ደጅ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች። በጋቢ ቢሆንም ከሩቅ አወቀችው፤ ዓይኗ እሱን ለመለየት ስንት ዓመት ሰልጥኗል! ከመቀመጫዋ ተነሣች። አልሸሸችም። እሱ ሰላምታ ሳይሰጣት በፊት፣ ያጠናችው በሚመስል ድምፅ ተናገረች።

"አላየሁም፣ ጋሼ።"

"ምኑን?"

"ቀበሮዋን። አክስቶቹን። የሚያነክሰውንም። ዋሽቼ ነው። ቀበሮ የሚባል አይቼ አላውቅም።"

መኳንንት ይዞት የመጣውን ንግግር በሙሉ ረሳው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራው ሁሉ ያፈራው ይህ ነበር፤ ብዙ የምታውቅ ልጅ፣ ዕውቀቷን በገዛ አፏ ስትክድ። ተንበረከከ። "ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አላት።

ደጊቱ ወደ አክስቷ ዞር አለች። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይታ አታውቅም፤ ምን ተብሎ እንደሚመለስም ማንም አላስተማራትም። ስለዚህ ምንም አልመለሰችለትም። እሱም መልስ አልጠየቃትም። ጥቂት ቆይቶ ተነሣና ሄደ።

ልጅቱ ወደ ትምህርቱ ተመልሳለች። አስተማሪዋ አሁን አንዲት ወጣት ሴት ናት። ደጊቱ ብዙ ወር ከኋላ ተቀምጣ ዝም አለች። አንድ ቀን እጇን አነሣች አሉ፤ ስለ ቀበሮ ተናገረች፣ ልጆቹም አጨበጨቡ አሉ። መኳንንት ይህን የሰማው ከሰው ነው፤ እሱ እዚያ አልነበረም።

እንግዲህ፣ ወዳጄ፣ ከዚህ ምን እንማራለን? ልጆችን ለማስተማር የሚረዳ ሰው ብሩክ ነው። መጽሐፉም ዳቦውም መነጽሩም ያስፈልጋል። ግን ከካርቶኑ በፊት መቅደም ያለበት ነገር አለ፤ ልጁ የሚያውቀውን ሲናገር ማንም የማይጎዳበት ቦታ። ያ ቦታ ከሌለ የምንሰጠው ሁሉ፣ ዳቦው ሳይቀር፣ ወጥመድ ይመስላል። ደግሞም በአሥር ጣታችን ፍርሃት ዘርተን፣ ዝምታ ሲበቅል "እነዚህ ልጆች አያውቁም" ብለን ሪፖርት የምንጽፍ ብዙዎች ነን። ጠባቂው መልካም አስቦ ነበር። መልካም ማሰቡ ግን በላቀው ማጅራት ላይ ያለውን ድንጋይ አላቀለለውም።

አሁን አንተን ልጠይቅህ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስህ ስጥ። ልጅህን፣ ታናሽህን፣ ተማሪህን "የት ነበርክ? ምን አየህ?" ስትለው፣ ለማወቅ ነው ወይስ ለመያዝ? ልጁስ ሁለቱን በምን ይለያቸዋል?